መልሼ የሸፈንኳት ንብ

ንቧን ያገኘኋት በመስቀል ማግስት ነው። ጓደኛዬ እናቱ ዘንድ ይዞኝ ሄዶ ነበር። እሱ ዳባት ውስጥ አብረን በምናስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነው፤ እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ቤት ተከራይተን፣ አንድ ምድጃና አንድ ባልዲ እየተጋራን የምንኖር ሰዎች ነበርን። የእናቱ መንደር ወደ ደባርቅ ከሚወስደው አስፋልት ወረድ ብሎ፣ የገብስ ማሳ አቋርጠው የሚደርሱበት ነው። ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን በታች ክረምቱ አዲስ ቦረቦር ከፍቶ ነበርና «ና፣ ጎርፉ የሠራውን ጉድ ላሳይህ» ብሎ ወሰደኝ።

ጉድ ያለው ከነሥሩ ተገንድሶ የወደቀውን ትልቅ ወይራ ነው። የኔ ዓይን ግን የሄደው ወይራው ቆሞበት ወደነበረው ቦታ ነበር። ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከታች ጥቁር ድንጋይ፤ በመካከላቸው እስከ ወገቤ የሚደርስ፣ ግራጫና ነጭ፣ እንደ ተደራረበ ወረቀት ስስ ስስ ሆኖ የተነጠፈ ልስልስ አለት ተገልጧል። የወደቀ ቁራጭ አንስቼ በሰንጢ ጫፍ ሰነጠቅኩት። ምንም የለውም። ሌላ ሰነጠቅኩ፤ የቅጠል ጥላ የመሰለ ነገር ታየ። ከዚያ በኋላ በከፈትኩት ላይ ጉንዳን ነበረ። ወገቡ ቀጭን፣ እግሮቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው፣ ትናንት የሞተ ይመስል ነበር፤ ጣቴን ባሳርፍበት ግን ድንጋይ ነው።

ንቧ የተገለጠችው ከቦረቦሩ ግድግዳ ሳትነቀል ነው። እንደ ገበታ ጠፍጣፋ የሆነ የላላ ንጣፍ በመዳፌ ሳነሳ ከሥሩ ተገኘች። ክንፎቿ ተከፍተዋል። በክንፉ ላይ ያሉት ጅማቶች፣ በኋላ እግሯ ላይ ያለው ጠጉር ሳይቀር ይታያል። ተንበርክኬ ቀረሁ።

«ምን ሆንክ? እባብ ነው?» አለኝ ጓደኛዬ ከላይ ሆኖ።

«ንብ ናት።»

«ነደፈችህ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሳይፈጠር በፊት የኖረች ንብ ናት! ውረድ!»

ወርዶ አጠገቤ ተንበረከከ። ብዙ አየ። «ማሯን የት አደረሰችው በላት» አለ በመጨረሻ፤ ሳቅን። ያን ጊዜ ከሱ የተሻለ ጓደኛ በምድር ላይ የነበረኝ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ እዚያው ቁጭ ብለን አስረዳሁት፤ ማስረዳት ልማዴ ነው። የስሜን ተራሮች ከመሬት ሆድ በወጣ የቀለጠ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ድንጋዩ አንድ ጊዜ ብቻ አልፈሰሰም፤ ይፈስሳል፣ ይረጋል፣ ለረጅም ዘመን ጸጥ ይላል፣ እንደገና ይፈስሳል። ጸጥ ባለበት ዘመን እዚህ ሐይቅ ነበረ። የሐይቁ ወለል ልል ጭቃ ነው፤ አየር አይደርሰውም። ነፋስ የጣላት ንብ ውሃ ላይ ትወድቃለች፣ ትሰምጣለች፣ ከላይ ደቃቅ አመድና ጭቃ ቀስ እያለ ይለብስባታል። የሚያበሰብሳት ነገር ስለሌለ ሳትፈርስ ትቆያለች። ቀጥሎ የመጣው የቀለጠ ድንጋይ ሐይቁን እንደ ክዳን ዘጋው። ክዳኑን የከፈተው የዘንድሮ ጎርፍ ነው። ጓደኛዬ ጥያቄ እየጠየቀ ሰማኝ። «ታዲያ ጭቃው ለምን ገበታ ገበታ ሆነ?» ሲለኝ እንኳ ክረምት የሚያመጣው ጭቃና በጋ የሚያስቀምጠው ጭቃ እንደሚለያይ ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ከተማሪዎቼ መካከል እንደሱ የሚሰማ አልነበረኝም።

ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ፎቶዎቹን ዩኒቨርሲቲ ላስተማረችኝ መምህርት ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። «እንዳትነቅላት» አለችኝ። «በየትኛው ገበታ ላይ እንደተኛች፣ ከላይዋ ምን እንዳለ፣ ከሥሯ ምን እንዳለ ካልታወቀ ግማሽ ነገሯ ይጠፋል። መልሰህ ሸፍናት። መንገዱ ሲከፈት ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ያ ግድግዳ እንዳይነካ አደራ።»

አደራዋን ተቀበልኩ። የነቀልኩትን ገበታ በቦታው መለስኩት፤ በላዩ ደረቅ አፈር ከመርኩበት። ጉንዳኑንም ያገኘሁበት ቦታ አኖርኩት። ለራሴ ምንም አልወሰድኩም።

ችግሩ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋው መንገድ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። በዚያ ቦረቦር ከብት ወደ ውሃ ይወርዳል። ሴቶችም ግድግዳ ለመለቅለቅ ግራጫ አፈር ሲያገኙ አያልፉም። አጥር እንሥራ ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ ጓደኛዬ ሳቀብኝ።

«አጥር ብታጥር የማገዶ እንጨት አዋጣህ ማለት ነው። በሳምንቱ አታገኘውም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ግዝት።»

ግዝት ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ አንድን ጫካ ወይም ግጦሽ መንደሩ ሊጠብቀው ሲፈልግ ቄሱ በቤተ ክርስቲያን ቆመው «ይህን የነካ የተገዘተ ይሁን» ይላሉ። ዘበኛ አያስፈልግም። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ጽድ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው። ሐሳቡ ግሩም ሆኖ ታየኝ። «መምሬን አንተ አነጋግርልኝ» አልኩት፤ መምሬ የምንላቸው የደብሩን ቄስ ነው። ጓደኛዬ የመንደሩ ልጅ ነው፣ በልጅነቱም ዲቁና ተቀብሏል። ያን እሑድ እኔ የፈተና ወረቀት ሳርም ዋልኩ። ማታ ተመልሶ መጣና «አለቀ» አለኝ። «ገዘቱልህ።»

«ስለ ነፍሳቱ ነገርካቸው? ስለ ሐይቁ ነገርካቸው?»

«ሁሉንም ነገርኳቸው አልኩህ። እንቅልፍህን ተኛ።»

ከሁለት ቅዳሜ በኋላ ሄጄ አየሁት። የከብት ኮቴ የለም፣ የመቆፈሪያ ምልክት የለም። እረኞቹ ከብቱን ራቅ ባለ መንገድ አዙረው ነው የሚያወርዱት። ያን ቀን ወደ ዳባት ስመለስ ደስታ ያስፏጨኝ ነበር። ለመምህርቴም «እንደ ዓይን ብሌን እየተጠበቀ ነው» ብዬ ጻፍኩላት። ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ሐይቁን ሣልኩላቸው፤ ድንጋዩን በጥቁር፣ ጭቃውን በነጭ ጠመኔ። «ቲቸር፣ መቼ ያሳዩናል?» አሉኝ። ባለሙያዎቹ ሲመጡ አብረን እንወርዳለን አልኳቸው።

ከዚያ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፤ መንገዱ ተከፈተ ሲባል ይዘጋል። ሥራ በዛብኝና ወደ መንደሩ ሳልወርድ ቆየሁ። ጓደኛዬ በየሁለት ሳምንቱ እናቱን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ሲመለስ «ቦታውስ?» እለዋለሁ፤ «ማን ይነካዋል» ይለኛል።

በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ጉንፋን ያዘኝና ቤት ዋልኩ። የገበያ ቀን ስለነበር የጓደኛዬ እናት ወደ እኛ ብቅ አሉ። ጉልበታቸው ያብጥ ነበርና ቀደም ሲል ያለ በቅሎ ገበያ አይደርሱም ነበር፤ ያን ቀን ግን በእግራቸው ነው የመጡት።

«እሰይ፣ እርስዎ በእግርዎ!» አልኳቸው ከአልጋዬ ቀና ብዬ።

«ተኛ፣ ተኛ ልጄ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቴ ሰው ሆነልኝ። ሳልህ ከመንገድ ይሰማል እኮ! ይኸው ይዤልህ መጥቻለሁ።» ከመቀነታቸው የተቋጠረ ጨርቅ ፈቱ። «በውሃ በጥብጠህ በባዶ ሆድህ ጠጣው። ደረትህንም ቀባው።»

በጨርቁ ውስጥ ግራጫ አፈር ነበረ። ግማሹ ደቅቋል፤ ግማሹ እንደ ቅርፊት ስስ ሆኖ ተሰባብሯል። ከቅርፊቶቹ አንዱን አንስቼ ወደ በሩ ብርሃን ያዝኩት። የጥንዚዛ ጀርባ ነበረ። ግማሹ። የሚያብረቀርቀው ቀለሙ እንኳ አልጠፋም።

«ከየት አመጡት እናቴ?»

«ኧረ ምን ይላል ይሄ! ራስህ ያገኘኸው አይደለም እንዴ? የጥፋት ውሃ ያስተኛው አፈር። በኖኅ ጊዜ መርከብ ያልገባው ፍጥረት ሁሉ፣ ጉንዳኑ፣ ንቡ፣ ከነክንፉ ታትሞበት። ልጄ ለመምሬ ሲነግራቸው እኮ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ‹ጓደኛዬ የተማረ ነው፣ አይቶ ተንበረከከ፣ እሱ ምስክሬ ነው› ብሎ ተናገረ። አንተንም መርቀንሃል። ከበየዳ ሳይቀር እየመጡ ነው የሚወስዱት።»

መንበርከኩን ተንበርክኬአለሁ። እውነቱ ይህን ያህል ነው።

«ግዝቱስ? የነካ የተገዘተ ይሁን አልተባለም?»

«በዶማ ማን ነካው? ከብትስ ማን አስገባ? እምነት በእጅ ነው የሚወሰድ፤ ቁንጥር ቁንጥር።»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። እምነት የሚባለው ከጠበልና ከተቀደሰ ቦታ የሚወሰድ፣ በሽተኛ የሚቀባው ወይም የሚጠጣው አፈር ነው። ቦታው ሲገዘት ዶማና ከብት ተከለከለ፤ ግን በጥፋት ውሃ ምክንያት የተገዘተ ቦታ የተቀደሰ ቦታ ነው፤ ከተቀደሰ ቦታ ደግሞ እምነት መውሰድ መብት ነው። ግዝቱን ማንም አላፈረሰም። አገር ሁሉ እያከበረው ነው ቁንጥር ቁንጥሩን የወሰደው።

ጓደኛዬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱ ሄደው ነበር። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጠበቅኩት። አየውና ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ቆመ።

«ምን ብለህ ነገርካቸው?» አልኩት።

«ስማኝ…»

«ምን ብለህ?»

«ምን ልበል? ‹መምሬ፣ ለዝንብ ይገዝቱልኝ› ልበል? ግዝት ምክንያት ይፈልጋል። ነገርኳቸው መጀመሪያ፣ እውነቱን፤ ስለ ሐይቁ፣ ስለ አመዱ። መምሬ ‹እና ምን ይሁን ልጄ?› አሉኝ። ሰው ወደ ቤቱ መበተን ጀመረ። ያን ጊዜ ከአፌ ወጣ። አንተ እንዲጠበቅልህ አይደል የፈለግኸው? አስጠበቅኩልህ።»

«በኔ ስም።»

«ስምህን ያነሳሁት እንዲያምኑ ነው።»

«እየተወሰደ መሆኑን መቼ አወቅህ?»

ምድጃው ላይ ውሃ ጣደ፣ አወረደው፣ መልሶ ጣደው።

«ለገና» አለ። «እናቴ ጉልበቷን ቀብታ ስትራመድ አየኋት። ከዚያ ወዲያ ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት ብዬ ልንገራት?»

እናቱን ማሰቡን አልነቀፍኩም። የነቀፍኩት ከገና ወዲህ በጠየቅኩት ቁጥር «ማን ይነካዋል» ያለኝን አፉን ነው። ይህንኑ ነገርኩት፤ ጮኬም ይሆናል። በመጨረሻ ተስማማን፦ በሚቀጥለው እሑድ አብረን ወርደን፣ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ላይ እኔ ስለ ቦታው እናገራለሁ፣ እሱ ደግሞ የጥፋት ውሃ ያለው ከራሱ እንደሆነ ይናገራል። «ማሩኝ እላለሁ፤ ይምሩኛል» አለ። እጁን ሰጠኝ። እጁን ያዝኩት።

እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሳንደርስ ወደ ቦረቦሩ ወረድኩ። እስከ ወገቤ ይደርስ የነበረው ግራጫ ግድግዳ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ዋሻ ሆኗል። የወይራው ግንድ ላይ ነጠላ ጨርቅ ታስሯል። ንቧን የሸፈንኩበትን ቦታ ፈለግኩት። ቦታው ራሱ የለም። አየር ነው። በእጄ ዳበስኩት፤ ጥቁሩን ድንጋይ ነካሁ። አሁንም ግን በጥጉ በኩል ጥቂት ገበታ ቀርቶ ነበር፤ እሱን ካተረፍን ባለሙያዎቹ የሚያዩት አያጡም ብዬ ተጽናናሁ።

በሰንበቴው ላይ ቄሶቹና ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ጠላ እየተቀዳ፣ መምሬ እንድናገር ፈቀዱልኝ። ተነሥቼ ተናገርኩ። ትምህርት አላበዛሁም። አፈሩ የሐይቅ ጭቃ እንደሆነ፣ በውስጡ ያሉት ነፍሳት ለዓለም ብርቅ እንደሆኑ፣ የሚያዩ ሰዎች ከሩቅ እንደሚመጡና ከተወሰደ በኋላ መልሶ መሥራት እንደማይቻል ነገርኳቸው። «የተረፈውን በእጅም እንዳይነካ ይገዝቱልን» አልኩ።

አንድ ሽማግሌ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «መምህር፣ ንብ ከሆነ የቸገረህ እኔ ዘንድ የሞላ ቀፎ አለልህ። ያውም የሚናደፍ!» ሰዉ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

መምሬ አልሳቁም። ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። «አንተ ነህ ልጄ ያስገዘትከን። አንተ የጥፋት ውሃ ነው አልከን፤ እሱ ምስክሬ ነው አልክ። እሱ አይደለም ይለናል። አንተስ ምን ትላለህ?»

ጓደኛዬ ተነሣ። ነጠላውን አስተካከለ። ሴቶቹ የተቀመጡበትን አየ፤ እናቱ እዚያ ነበሩ፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ጉልበታቸው ላይ ግራጫው አፈር ተቀብቶ። እጠብቃለሁ። አጠገቤ ስለነበር ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር።

«እኔ ያልኩትን ብያለሁ መምሬ» አለ። «እሱ እንግዳ ነው፤ ትምህርቱ እንደዚያ ይለዋል።»

ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን በደንብ አላስታውስም። መምሬ በደግነት «አይክፋህ፣ ሁሉም በመጠኑ ነው የሚያውቀው» አሉኝ። ጠላ ቀዱልኝ። ጠላውን የያዘው ሰው ወደኔ ሲያልፍ ጓደኛዬ ዋንጫውን ተቀብሎ ራሱ አቀበለኝ፤ እኔም ሰው ፊት ስለነበርኩ ተቀበልኩት።

ባለሙያዎቹ የመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው፤ መምህርቴና ሌላ አንድ ሰው። ቀድሜ ያለውን ሁሉ በስልክ ነግሬአት ስለነበር አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷ ባሰብኝ። ጓደኛዬ ሳልጠራው አብሮን ወረደ፤ የመንደሩ ልጅ ነውና አትምጣ ማለት አልቻልኩም። ጥጉ ላይ ቀርቶ የነበረው ገበታም ተወስዷል። መምህርቴ በመዳፏ ወለሉን ጠራርጋ ጥቂት ፍርፋሪ ሰበሰበች፤ በአጉሊ መነጽር አየች፤ መልሳ አፈሰሰችው። የስልኬን ፎቶ አውጥቼ እንደገና አሳየኋት። «ፎቶ ፎቶ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ንቧን ራሷን ካላየሁ ምን እላለሁ?»

ተነሥቼ ከቦረቦሩ ጫፍ ቆምኩ። ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ የጓደኛዬን ድምፅ የሰማሁት። አብሯት ለመጣው ሰው ያስረዳዋል። ድንጋዩ አንድ ጊዜ ብቻ እንዳልፈሰሰ። ጸጥ ባለበት ዘመን ሐይቅ እንደነበረ። የሐይቁ ወለል አየር ስለማይደርሰው ንቧ ሳትፈርስ እንደቆየች። የክረምት ጭቃና የበጋ ጭቃ እንደሚለያይ። ቃሉ የኔ ነው፤ ቅደም ተከተሉም የኔ ነው፤ «እንደ ክዳን ዘጋው» የምትለዋን እንኳ አልረሳትም። አንድም ቦታ አልተሳሳተም።

«ግሩም ነው» አለው ሰውዬው። «ባዮሎጂ የምታስተምረው አንተ ነህ?»

«እሱ ነው» አለ ጓደኛዬ፣ ወደኔ እየጠቆመ።

እስከዚያ ቀን ድረስ አልገባውም ብዬ ራሴን ሳጽናና ነበር። የገባው ሰው ነበር። ከማንም በላይ የገባው።

እንግዶቹን መኪና አሳፍረን ስንመለስ እናቱ ከደጃፋቸው ቆመው ጠበቁን። «ምን አሉ የተማሩት?» አሉ።

ጓደኛዬ ቀደመኝ። «ደግ አፈር ነው አሉ።»

እናቱ ፊታቸው በራ። ከዚያ ግን ወደኔ አዩ። «እውነት ነው ልጄ?»

እሱም አየኝ። ዓይኑ የሚለምነው ነገር እኔ በሰንበቴው ላይ አጠገቡ ቆሜ ከሱ የጠበቅኩትን ያህል ነበር።

«ንብ ነበረችበት እናቴ» አልኳቸው። «ከማንም በፊት የነበረች። አሁን የለችም።»

«ምን ዋጣት?»

«እሱን ይጠይቁት» አልኩና ወደ አስፋልቱ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። የገብሱን ማሳ አጋምሼ ዞር ስል ሁለቱም ከደጃፉ ላይ ቆመው ነበር፤ እናቱ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ይጠብቃሉ፣ እሱ መሬት መሬት ያያል። ምን ብሎ እንደመለሰላቸው አላውቅም። ዳባት ስደርስ መጽሐፎቼን ሰብስቤ አሠርኩ፤ ባልዲውን ለሱ ተውኩለት።